የአሮጌ ፒክአፕ ድምፅና ንዝረት፦ ነድቶ መስማት ወይስ ከሥር ገብቶ መነቅነቅ?

ነድቶ መስማት፦ ወጪው ነዳጅ ብቻ። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ሜዳው ላይ ንዝረቱ ሲጀምር ፍሪሲዮን ረግጦ ፎሌ (ማርሹን ዜሮ) ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ሳይወርድ ንዝረቱ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ትራንስሚሽኑ ዘንግ (ከማርሽ ሳጥኑ ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ብረት) ወይም ወደ ጎማ ይዞራል። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ የሚለዋወጥ ፉጨት በአብዛኛው የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ፎሌ አይሞከርም!

መነቅነቅ፦ ጎማዎቹን በድንጋይ አግዶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ዘንጉን በእጅ ግራና ቀኝ ማዞር። ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ከላላ ወይም ዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ግራሶ አያድነውም፣ ይቀየራል። ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ ምልክት ይደረግ (ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል)፤ ዞሮ ከተገጠመ አዲስ ንዝረት ያመጣል።

ማርሽ ሲገባ «ቋ» ለሚል መኪና መነቅነቁ ይቀድማል፤ በፍጥነት ብቻ ለሚንቀጠቀጥ መንዳቱ።