የሂት ትሪትመንት (ብረትን በሙቀት የማጠንከር) ሥራ ላላችሁ፦ ይህን ወንድማችንን አግኙት

ቢላ እሠራለሁ። በቅርቡ ከኤልማክስ የሠራኋቸው ቢላዎች ዝገት አወጡብኝ። ኤልማክስ ከዱቄት የሚሠራ ስቲል ነው፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 1.7 በመቶ ካርቦን፣ 3 በመቶ ቫናዲየም አለው። ይህን ያህል ክሮሚየም ያለው ብረት እንዴት ይዝጋል? ብረቱን የሸጠልኝን ሰው መጠርጠር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ይህ ባለሙያ ግን ምንም ሳይል መጀመሪያ አንዱን ቆርጠን እንየው አለኝ። ቆረጠው፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ወለወለው፣ በአሲድ ነካክቶ ማይክሮስኮፕ ስር አስገባው። ካርባይዶቹ (ካርቦን ከክሮሚየምና ከቫናዲየም ጋር ተጣምሮ የሚሠራቸው ጠንካራ ቅንጣቶች) ደቃቅ ናቸው፣ በእኩል ተበትነዋል። "ብረቱ ምንም አልሆነ" አለኝ። ዱቄቱ ሲሠራ ብረቱ ቀልጦ በጋዝ ይረጫል፤ እያንዳንዷ ጠብታ በቅጽበት ስለምትረጋ ካርባይድ ለማደግ ጊዜ አያገኝም፤ በትልቅ ቅርጽ ፈስሶ ቀስ ብሎ የረጋ ብረት ላይ ቢሆን ኖሮ ትልልቅ ሆነው ተሰብስበው እናያቸው ነበር።

ከዚያ የምድጃውን ወረቀት (ቢላዎቹ በስንት ዲግሪ እንደተሠሩ የተጻፈበትን) አምጣ አለ። ነገሩ የተያዘው እዚያ ላይ ነው። ቀድሞ የሠራልኝ ሰው ቴምፐር ያደረገው (ከጠነከረ በኋላ በቀላሉ እንዳይሰበር መልሶ ያሞቀው) በ520 ዲግሪ ነው። ጥንካሬው ጥሩ ስለነበር ልብ አላልኩትም። በዚያ ሙቀት ክሮሚየም መንቀሳቀስ ይችላል፤ ካርቦን ያገኝና በዚያ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ካርባይዶች ይሆናል፣ ዙሪያው ያለው ብረት ደግሞ ክሮሚየሙን ይነጠቃል። ዝገት የሚከላከለው ብረቱ ውስጥ የሟሟው ክሮሚየም እንጂ ካርባይድ ውስጥ የታሰረው አይደለም። እኔ ስንት ዓመት 18 በመቶ የሚለውን ብቻ ነበር የማየው! በ200 ዲግሪ ግን ክሮሚየም ካለበት ንቅንቅ አይልም።

የቀሩትን ቢላዎች መጀመሪያ አለሰለሳቸው፣ እንደገና 1080 ዲግሪ አሞቀ፣ ቶሎ አቀዘቀዘ፣ 200 ላይ ሁለት ጊዜ ቴምፐር አደረገ። ለምን ከ1080 በላይ አትወስደውም ስለው፣ ካርባይዱ በብዛት ይሟሟና ሳይጠነክር የሚቀር ኦስቴናይት (ለስላሳው የብረቱ መዋቅር) ይበዛብሃል አለኝ። ከተመለሱልኝ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኳቸው። አንድም ነጥብ ዝገት የለም።

ወንድሜ፣ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ሥራውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ቁጭ ብለህ ስላስረዳኸኝ ጭምር።

ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የብረቱን ዓይነትና የቀድሞ የምድጃ ወረቀት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።