ካሬ መቁጠር ወይስ ርዝመት ሲባዛ በወርድ?

«ለልጄ ስፋትን በየትኛው ላስጀምረው?» ጎንደር ውስጥ ቤት ለቤት ሳስጠና ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ካሬ መቁጠር፦ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ደብተር፣ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። 6 በ4 የሆነ ሬክታንግል ይሰመራል፣ 24 ካሬ ይቆጠራል። የዛፍ ቅጠል እንኳ አይቀርም፤ ዙሪያውን አስምሮ፣ ከግማሽ በላይ የተሸፈነውን ካሬ አንድ እያሉ መገመት ይቻላል። ችግሩ ማዝገሙ ነው። የፋሲል ግቢን 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?

ቀመር፦ ፈጣን ነው፣ ለፈተናም ይመቻል። ግን ልጁ ሳይገባው ይሸመድደዋል። የዚያኑ ሬክታንግል ዙሪያ 20 አግኝቶ «ስፋቱ ነው» የሚል ስንት አለ! ቋንቋችንም አያግዝም፤ እቤት «ስፋት» የምንለው ብዙ ጊዜ ወርድን ነው። ጎነ ሦስት ላይ ደግሞ ለ2 ማካፈሉ ይረሳል። ሬክታንግሉን ከጥግ እስከ ጥግ በመቀስ ቆርጦ ሁለት እኩል ጎነ ሦስት ሲወጣው ያየ ልጅ ግን አይረሳውም።

ማባዛት ለሚያስፈራው ትንሽ ልጅ ቆጠራው ይሻላል። የማባዛት ሰንጠረዡን ለያዘና ፈተና ለደረሰበት ቀመሩ። እኔ ግን እሱንም ቢሆን አንድ ቀን የወለሉን ሴራሚክ አስቆጥረዋለሁ።