ሰጋቱራ መሳቢያችንን ላስተካከለልን ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ለማመስገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት ሥራ ያላችሁ በተለይ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ትንሽ የቤት ዕቃ ማምረቻ አለችኝ። አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ሰርኩላሩም (መጋዙ) ፒያላውም (መላጊያው) በቱቦ ከአንድ ሰጋቱራ መሳቢያ ጋር ተያይዘዋል። የመሳቢያው ሞተር 3 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በ220 ቮልት፣ በሲንግል ፌዝ (በአንድ የኃይል መስመር) የሚሠራ። ማብሪያው ከማሽኖቹ ጀርባ ስለነበር በሪሞት የሚሠራ ገዛሁ። ውስጡ ያለችው ሪሌይ (ኃይሉን የምታገናኝና የምታቋርጥ ትንሽ ዕቃ) ላይ «30 አምፔር፣ 250 ቮልት» ይላል። የሞተሩ ታርጋ ላይ ያለው 14.5 አምፔር ነው። እጥፍ ስለሆነ ይበቃል ብዬ አመንኩ።

ሁለት ወር ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሪሞቱን ቢጫኑ ሞተሩ አልጠፋም አለ። ደጋግመው ጫኑ፤ ወይ ፍንክች። በብሬከር ነው ያጠፋነው። ሌላ ተመሳሳይ ገዝቼ አስገባሁ፤ እሱም ሦስት ሳምንት አልቆየም። በዚያ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ውስጥ ያ ሽታ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል።

መሳቢያው በቆመባቸው ቀናት ልጆቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ አስረው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ሲቆርጡ ማየት አንጀቴን በላው። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥራዝ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት፣ ምድብ 1 ከሚላቸው ውስጥ አስገብቶታል። ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ ሥራውን ማቆም አልቻልኩም። ይህን ኤሌክትሪሺያን የጠቆመኝ ጓደኛዬ ያኔ ነው የደረሰልኝ።

ልጁ ሲመጣ ካቻቢቴ እንኳ አላወጣም። «ጋሼ፣ የሞተሩ ታርጋ የታለ?» አለኝ። ሰጋቱራ ሸፍኖታል። በአውራ ጣቱ ጠራርጎ፣ በስልኩ መብራት እያነበበ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። ከዚያ ክላምፕ ሜትሩን (አምፔር የሚለካበትን) የፌዙ ሽቦ ላይ አስገብቶ «በብሬከሩ ያስነሱልኝ» አለ። ማሳያው ላይ 88 አምፔር ወጣ። የመሳቢያው ክንፍ ከባድ ስለሆነ ፍጥነቱን እስኪይዝ ሦስት አራት ሰከንድ ፈጀ፤ ከዚያ ወርዶ 13 ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ የተበላሸችውን ሪሌይ በምላጭ ከፍቶ አሳየኝ። የሚነካኩት ሁለቱ ነጥቦች ቀልጠው እንደ ብየዳ ተጣብቀዋል። ለካ ሞተሩ አልጠፋ ያለው ለዚህ ነው። ያለኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ጋሼ፣ ይሄ 30 የሚለው ለምጣድ ነው። ምጣድ ሲሰካም ሲግልም የሚስበው ያው ነው። ሞተር ግን ሲነሳ አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ሲጠፋም እሳት ይፈጥራል። ሪሌይ ሲገዙ ለሞተር ስንት ይችላል ብለው ነው መጠየቅ ያለብዎት።»

ትልቅ ሪሌይ ይግዙ አላለኝም። ለእንዲህ ያለ ሞተር ኮንታክተር፣ ማለትም ለከባድ ኃይል የተሠራ ማብሪያ፣ ነው የሚያስፈልገው አለና ዝርዝሩን ጻፈልኝ። ዕቃውን ራሴ ከመርካቶ እንድገዛ ላከኝ። ሱቁ ውስጥ ባለሱቁ «ይሄ 32 ነው፣ ይበቃሃል» ብሎ አንድ ኮንታክተር ሰጠኝ። ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልኩለት። «ጎኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ» አለ። ኤሲ-1 በሚለው አንጻር 32፣ ኤሲ-3 በሚለው አንጻር 18 ይላል። አንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር! ኤሲ-1 እንደ ምጣድ ላለ ጭነት ነው፤ ኤሲ-3 ለሞተር። 18ቱም ለ14.5 አይከፋም ነበር። ግን የእኛ ክንፍ ለመነሳት ይዘገያል፣ በቀን ደጋግመንም እናስነሳዋለን። ስለዚህ በኤሲ-3 25 የሚለውን አስገዛኝ። የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ አልነበረም።

አብሮት ኦቨርሎድ አለ። ከ12 እስከ 18 የሚስተካከል ነው፤ 14.5 ላይ አደረገው። ሞተሩ ከልኩ በላይ እየሳበ ከቆየ ይህ ያጠፋዋል። እዚህ ላይ አንድ የወደድኩለት ነገር አለ። ኮንታክተሩም ኦቨርሎዱም ሦስት መስመር አላቸው፣ የእኛ ሞተር ግን ሲንግል ፌዝ ነው። ሽቦውን አዙሮ አዙሮ በሦስቱም መስመር አሳለፈው። አንዱ መስመር ባዶ ከቀረ ኦቨርሎዱ ፌዝ የጎደለ መስሎት ያለ ጊዜው ሊያጠፋ ይችላል አለኝ።

ሪሞቷን አልጣላትም። አሁን ግን የሞተሩን ኃይል አትሸከምም፤ የምታዘው የኮንታክተሩን ኮይል (ኮንታክተሩን ስቦ የሚያበራውን የሽቦ ጥቅል) ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አንድ አምፔር እንኳ አይስብም። እንደ ማስነሻ ቁልፍ ለአፍታ ነክታ ትለቃለች፤ ከዚያ ኮንታክተሩ ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ታዲያ ሞተሩ በራሱ አይነሳም። ድሮ በብሬከር ስናስነሳ ማጥፋቱን ረስተን መብራት ሲመጣ በድንገት ይነሳብን ነበር። አንደኛው ልጅ ቱቦ ሲያጸዳ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ሁሉንም ሰጋቱራ በማያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ገመዶቹ የሚገቡበትን በጎማ ደፈነው። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) እንዳልነበረንም ያገኘው እሱ ነው፤ ያንንም ሠራልን። ዋጋውን ሳይጀምር ነገረኝ፣ ሲጨርስም አልቀየረም። ወለሉን ጠርጎ ሄደ። በሳምንቱ ደውሎ «ኦቨርሎዱ አስቸገራችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። ልጆቹም አመስግንልን ብለዋል፤ ሻርፑ ከተጣለ ሁለት ወር አልፎታል።

ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ ማውጣት አልፈለግኩም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የሞተራችሁን ታርጋ ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።