የእርሻ ሶላር፦ ከመብራት መስመር ጋር ወይስ ለብቻው?

በመቂ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «የሶላር ፓምፑን ከመብራት መስመሩ ጋር እናገናኘው?» ለመስኖ ከሆነ አታገናኙት። ይህን ያወቅሁት 110 ሺህ ብር ከፍዬ ነው።

ገንዘቡ የወጣው ከመስመር ጋር ብቻ በሚሠራ፣ ባትሪ በሌለው ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ እንደ መብራቱ ዓይነት አድርጎ የሚቀይር ዕቃ) ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ በጠራራ ፀሐይም አብሮ ይጠፋል። መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞችን የእኛ ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሆን ተብሎ የተሠራው እንዲህ ነው። እኔ ግን ሶላር የገዛሁት መብራት ስለሚጠፋ ነበር! መብራት ሲኖርም እርሻዬ ከትራንስፎርመሩ ርቆ መስመሩ ጫፍ ላይ ስላለ 220 የነበረው ቮልት ወደ 180 ይወርዳል፤ ኢንቨርተሩም ራሱን ያቋርጣል። ቲማቲሙ አበባ ላይ ሳለ ሦስት ቀን ውሃ አጣ። ጠጋኙ 18 ሺህ ብር ተቀብሎ የውስጥ ዕቃ ቀየረ፤ ጥፋቱ የመስመሩ ስለነበር ምንም አልተሻለውም።

ከመስመርም ከባትሪም ጋር የሚሠራው ሃይብሪድ ኢንቨርተር ሌሊት ጫጩት ለሚያሞቅ ወይም ወተት ለሚያቀዘቅዝ ተገቢ ነው። ለመስኖ ግን ወጪው አያዋጣም፤ በባትሪ ሽያጭ የሚያታልሉም አሉ። እውነተኛ የ12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። 17 ኪሎ ከሆነ የተጻፈበትን አትመኑ።

አሁን የያዝኩት የሶላር ፓምፕ ኢንቨርተር ነው። የነበረኝን ባለ ሦስት ፌዝ ፓምፕ በቀጥታ ከፓነሉ ያስኬደዋል፤ ደመና ሲመጣ ፓምፑ ይዘገያል፣ ሲገለጥ ይፈጥናል። በባትሪ ፋንታ ውሃውን የማጠራቅምበት ሮቶ አለኝ። 10 ሺህ ሊትር ውሃ 10 ሜትር ለማውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ተጨምሮም፣ ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት በታች ይበቃል። መብራቱን በቼንጅኦቨር (ከሶላርና ከመብራት አንዱን ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ) ለመጠባበቂያ አስቀርቼዋለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገናኙም። ትርፍ ኃይል ለመሸጥ ያሰበ ግን ፈቃዱንና የቆጣሪውን ነገር በጽሑፍ ሳይዝ ኢንቨርተር አይግዛ።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የፓነሉን ሳይሆን የአንድ ዋቱን ዋጋ አስሉ፤ የፓነሉን ስፋት የምትለኩበት ሜትርም ያዙ። አንድ ካሬ ሜትር ፓነል የሚሰጠው 200 ዋት አካባቢ ነው። ጎረቤቴ «400 ዋት» የተለጠፈበትን በ12 ሺህ ብር፣ ዋቱን በ30 ብር የገዛ መስሎት ተደስቶ ነበር። ስንለካው 1.2 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ወደ 240 ዋት ማለት ነው። ዋቱን በ50 ብር ገዝቶታል።