ድዱ የታመመ ሰው አጭር ኢምፕላንት ይሻለዋል ወይስ ረጅም?

በድድ በሽታ የተነሳ የኋላ ጥርስዎ ተነቃንቆ ወልቋል እንበል። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ላስተክል ብለው ሲሄዱ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንቱ ወርዷል» ይልዎታል። በሽታው ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ጥርሱ የቆመበትንም አጥንት በልቶታል ማለት ነው። ያኔ ሁለት መንገድ ይቀርብልዎታል፤ ባለው አጥንት ልክ አጭር ኢምፕላንት ማስገባት፣ ወይም አጥንት አስጨምሮ ረጅሙን መትከል።

አጭር የሚባለው በአብዛኛው 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ያለው ነው። 8 ሚሊሜትሩንም አጭር የሚሉ አሉ። ስለዚህ «ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብለው ይጠይቁ።

በወጪና በድካም አጭሩ ያሸንፋል። ላይኛው መንጋጋ ላይ ረጅሙን ለመትከል ብዙ ጊዜ ከኋላ ጥርሶች በላይ ያለውን የአየር ክፍተት (ሳይነስ) ወለል ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መሙላት ያስፈልጋል። ታችኛው ላይ ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ስላለ ከእሱ 2 ሚሊሜትር ያህል መራቅ ግድ ነው። አጥንት ማስጨመር ወራት ይፈጃል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ሂሳቡም ለብቻው ነው።

ዕድሜያቸውስ? እስከ 5 ዓመት በተደረጉ ክትትሎች ሁለቱም በአብዛኛው ከመቶ ከ90 በላይ አፍ ውስጥ ቆይተዋል። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ የአጭሩ ውጤት ግን ከጥናት ጥናት ይዋዥቃል። ደግሞ አፍ ውስጥ መቆየትና ጤነኛ መሆን ለየቅል ናቸው። ብዙዎቹ ጥናቶች ድዱ ያልታከመ ሰው አያስገቡም። እርስዎን የሚመለከተው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው።

የድድ በሽታ የነበረበት ሰው ኢምፕላንቱም ዙሪያ ተመሳሳይ ቁስለት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። አጥንቱ ብዙ ጊዜ ሳያም ነው የሚያልቀው። ከላዩ የተገጠመው ጥርስ ሳይሆን ኢምፕላንቱ ራሱ ከተነቃነቀ ነገሩ አልቋል። አሁን ሂሳቡን እንስራ። ከ12 ሚሊሜትሩ ዙሪያ 2 ሚሊሜትር አጥንት ቢሄድ የጠፋው ስድስተኛው ነው። ከ6 ሚሊሜትሩ ከሄደ ግን ሲሶው ጠፋ። አጭሩ መጠባበቂያ የለውም።

ይህ ግን ረጅሙን መድኃኒት አያደርገውም። ርዝመት ጊዜ ይገዛል እንጂ በሽታ አያቆምም። ሲበላሽም ረጅሙን ማውጣት ይከብዳል፤ አጭሩ በቀላሉ ይወጣል።

እኔ ብሆን ለታችኛው የኋላ ጥርስ፣ ድዴ ታክሞ ከተረጋጋና ሲጋራ ካላጨስኩ፣ አጭሩን እመርጣለሁ። ሁለት ጎን ለጎን የሚተከሉ ከሆነም በኢምፕላንቶቹ ላይ የሚገጠሙት ጥርሶች ተያይዘው እንዲሰሩ እጠይቃለሁ፤ ጫናውን ይካፈላሉ። ላይኛው ላይ አጥንቱ 3 ሚሊሜትር ብቻ ከቀረ አጭሩም ቦታ የለውም፤ ማስጨመር የግድ ነው። የፊት ጥርስ ላይ ጭንቀቱ መልክ ነው፤ አጥንቱ ሳይሞላ ከተተከለ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል። ለሚያጨስና ለክትትል ለማይመለስ ሰው ግን ሁለቱንም አልመክርም። ተነቃዩ ጥርስ ይሻለዋል፤ ቢያንስ አውጥቶ ያጥበዋል።

ድዱ ሳይታከም ዛሬውኑ ልትከልልህ የሚል ካጋጠመዎት ይውጡ። ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ወራት ተጠብቆ ድዱ እንደገና ይለካል። 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲነካ የሚደማ የድድ ኪስ (በድዱና በጥርሱ መካከል የተፈጠረ ክፍተት) ካለ ገና ነው። ከተተከለ በኋላም በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየትና መታጠብ ያስፈልጋል።

ለእረፍት አዲስ አበባ መጥታችሁ የምታስተክሉ፣ ስትመለሱ ማን እንደሚያያችሁ ከወዲሁ አስቡ። የኢምፕላንቱ ኩባንያ፣ ስፋቱና ርዝመቱ የተጻፈበትን ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ። ያለዚያ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ሐኪም ጥርሱን ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያስረው ብሎን ሲላላ የትኛው መፍቻ እንደሚገጥመው አያውቅም።