የዲክንስ ቤት በገና ሰሞን፦ ምድር ቤቱን እንዳትዘሉት

ልጄ ለጂሲኤስኢ (እዚህ እንግሊዝ ልጆች በ16 ዓመት ገደማ የሚወስዱት) ፈተና የቻርልስ ዲክንስን «ኤ ክሪስማስ ካሮል» እያጠናች ነው። ከኅዳር ጀምሮ የቤታችን ወሬ ሁሉ ስክሩጅ፣ የመጽሐፉ ቋጣሪ ሀብታም፣ ሆኗል። ምን ላድርግ፣ ይዣት ለንደን ዳውቲ ስትሪት ቁጥር 48፣ የዲክንስ ሙዚየም ሄድኩ። ከራስል ስኩዌር ጣቢያ በእግር ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መጽሐፉ የተጻፈው እዚህ ቤት አይደለም። ዲክንስ እዚህ የኖረው ከ1837 እስከ 1839 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። «ኦሊቨር ትዊስት»ን የጻፈው እዚህ ነው፤ የገናው መጽሐፍ ግን በ1843 ዲሴምበር ሲወጣ ሰውየው ሌላ ቤት ገብቷል። በገና ሰሞን ቤቱን በቪክቶሪያ ዘመን ወግ ያስጌጡታል፣ ፎቶ ለሚወድ ጥሩ ነው። እኔ ግን የቲኬቱ ብር የወጣልኝ ምድር ቤት ወርጄ ነው።

እዚያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ከሥሩ እሳት የሚነድበት ትልቅ የመዳብ ጋን፣ ልብስ የሚቀቀልበት። ለገና ደግሞ ፑዲንጉ (ዘቢብ የበዛበት የገና ኬክ) በጨርቅ ተቋጥሮ እንዲህ ባለ ጋን ውስጥ ይቀቀል ነበር! ልጄ ወዲያው «እማ፣ ለዚህ ነዋ የነቦብ ክራቺት ፑዲንግ የአጠባ ቀን ይሸታል የሚለው» አለች፤ ቦብ የስክሩጅ ደሃ ጸሐፊ ነው። ዝያቸውንም ልጆቹ ዳቦ ቤት አስጠብሰው ነው የሚያመጡት፤ በዘመኑ ብዙ ደሃ ቤት መጋገሪያ አልነበረውም። እናቴም ድፎዋን ሰፈር ዳቦ ቤት ትልክ ስለነበር ይሄ ነገር ከእንግሊዞቹ በላይ ለእኔ ሳይገባኝ አልቀረም።

ልብ በሉ፣ በገና ዕለት ዳቦ ቤቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ስክሩጅም ጠዋት ተነስቶ በመስኮት አንድ ልጅ ጠርቶ ትልቁን ተርኪ ዶሮ ያስገዛል። ዛሬ ሞክሩት እስቲ! ከ2004ቱ ሕግ ወዲህ ትልልቅ ሱቆች በዕለቱ መክፈት አይችሉም፣ ባቡር የለም፣ አውቶቡስ የለም። እኔ ለንደን በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ አረጋውያን መንከባከቢያ ለፈረቃ ልሄድ ወጥቼ ፌርማታ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ፤ በመጨረሻ በታክሲ ሄድኩ፣ የዕለቱ ደሞዜ ግማሹ እዚያው ቀረ። አለቃዬ «ለምን ዘገየሽ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ቦብ ክራቺት እንኳ ስክሩጅ እያጉረመረመም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አርፏል። እኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ለልጄ እዚያው ደረጃው ላይ ተረጎምኩላት፣ «ፌዚዊግ ነዋ!» አለችኝ። ከሠራተኞቹ ጋር የሚጨፍረው የስክሩጅ የድሮ ጌታ መሆኑ ነው።

የገና ዛፍ ፈልጋችሁ መጽሐፉን ብታገላብጡ አታገኙም። ዛፉ በሰፊው የተለመደው በኋላ ነው፣ በተለይ በ1848 ንግሥት ቪክቶሪያና ቤተሰቧ በዛፍ ዙሪያ ሆነው የሚያሳየው ሥዕል ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ። የገና ካርድም ለሽያጭ የወጣው ገና በዚያው በ1843 ነው፣ አንዱ በ1 ሽልንግ። የቦብ የሳምንት ደሞዝ 15 ሽልንግ፣ መጽሐፉ ራሱ ደግሞ 5 ሽልንግ! ስለ ቦብ የተጻፈውን መጽሐፍ ቦብ ለመግዛት የሳምንቱን ደሞዝ ሲሶ ሊከፍል ነው። 6,000 ቅጂ ግን እስከ ገና ዋዜማ አልቋል።

ፎቅ ላይ የማርሻልሲ እስር ቤት የብረት ፍርግርግ አለ፤ በ1824 የዲክንስ አባት በዕዳ የታሰረበት። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነው፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ስክሩጅን ማን እንዳስጻፈው እዚያ ፊት ቆሜ ነው የገባኝ። ሌላውን ክፍል በፍጥነት ብታልፉት አትጎዱም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።

ስንወጣ ልጄ አቅራቢያው ካለ ካፌ ሁለት ሚንስ ፓይ ገዛች። ስሙ ሚንስ (የተፈጨ ሥጋ) ይሁን እንጂ ዛሬ ሥጋ የለውም፣ ድሮ ነበረው አሉ። ቅቤ ግን አለው፣ እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። የእሷን በላች፤ የእኔን ጠቅልዬ ለታኅሣሥ 29 ፍሪዘር ከተትኩት።