ቀይ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ ወይስ ማግኔት፦ ለጌም የትኛው ስዊች ይሻላል?

መካኒካል ኪቦርድ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀለም ነው። ቀይ ይሁን ቡኒ? ሰማያዊስ? መጋረጃ የሚመረጥ ነው የሚመስለው። ቀለሙ ግን የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር ያለችው ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም ስዊቿ፣ ጣታችሁን እንዴት እንደምትቀበል።

ውስጧ ብዙ ነገር የለም። አንድ ሞላ አለ። ከቁልፉ ጋር ወደ ታችና ወደ ላይ የሚመላለስ ፕላስቲክ አለ። ሁለት ስስ ብረቶች አሉ። ስትጫኑ ብረቶቹ ይነካካሉ፤ ኮምፒውተሩም ተጫነ ብሎ ይይዛል። ስትለቁ ይላቀቃሉ። ሰው ሲገዛ የሚጨነቀው ስለ መጫኑ ብቻ ነው። ጌም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራችሁ መልቀቁ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የቀለም አጠራሩን ያስለመደው ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ኤምኤክስ የሚባሉት ስዊቾቹ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ሲያልፍ እነ ጌትሮን፣ ካይልና አውቴሙ ያንኑ ቅርጽ ይዘው ወጡ። ቀለሙንም በአብዛኛው እንዳለ ወሰዱት። ሕግ ግን አይደለም። የጌትሮን ቢጫ ለምሳሌ ከቀይ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን እዩ። የቼሪ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

| ስዊች | ጠባይ | ለመጫን የሚፈልገው ኃይል | የሚመዘግብበት ጥልቀት | እስከ ታች |
|---|---|---|---|---|
| ቀይ | ለስላሳ | 45 | 2.0 ሚ.ሜ. | 4.0 ሚ.ሜ. |
| ጥቁር | ለስላሳ፣ ከበድ ያለ | 60 | 2.0 ሚ.ሜ. | 4.0 ሚ.ሜ. |
| ቡኒ | መሀል ላይ ጉብታ ያለው | 55 | 2.0 ሚ.ሜ. | 4.0 ሚ.ሜ. |
| ሰማያዊ | ጉብታም ድምፅም ያለው | 60 | 2.2 ሚ.ሜ. | 4.0 ሚ.ሜ. |
| ሲልቨር | ለስላሳ፣ ቶሎ የሚይዝ | 45 | 1.2 ሚ.ሜ. | 3.4 ሚ.ሜ. |

ኃይሉ በሴንቲኒውተን ነው። በግራም ብታስቡት ልዩነቱ ከቁብ አይገባም።

ከቀይና ከቡኒ እንጀምር፤ የብዙ ሰው ክርክር እዚያ ነው። ቀይ ሊኒየር የሚባለው ዓይነት ነው። ከላይ እስከ ታች ያለ ምንም መሰናክል ይወርዳል፣ ያለ ምንም መሰናክል ይመለሳል። ቡኒው ታክታይል ነው። መንገዱ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ጣታችሁ ሲያልፋት "ይዟል" የሚል ስሜት ይሰጣችኋል። ችግሩ ጉብታዋ በጣም ትንሽ መሆኗ ነው። የኪቦርድ ወዳጆች "ቡኒ ማለት አሸዋ የገባበት ቀይ ነው" እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ትንሽ ይበዛበታል፣ ግን ውሸት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምትጽፉበትና ማታ የምትጫወቱበት ኪቦርድ አንድ ከሆነ ቡኒ አያሳፍራችሁም። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን ቀዩን ውሰዱ። ተኩስ ውስጥ ገብቶ ጉብታ የሚያዳምጥ ጣት የለም።

ጥቁሩ እንደ ቀዩ ለስላሳ ነው፤ ሞላው ብቻ ጠንከር ይላል። እጁ ከባድ ለሆነና ቁልፍ ሳያስበው ለሚጫን ሰው ይስማማል። ሦስት ሰዓት ተጫውታችሁ ስትነሱ ግን ጣታችሁ ሂሳቡን ይጠይቃል።

ሰማያዊውን በፍቅር ነው የገዛሁት። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፁ መጀመሪያ ላይ ልብ ይሰርቃል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን የቡድኔ ልጆች በማይክ "አንተ፣ የጽሕፈት መኪና ላይ ነው እንዴ የምትጫወተው?" ማለት ጀመሩ። እሱስ ይሁን። ዋናው ችግር ድምፁ አይደለም። ሰማያዊ ስዊች "ተለቀቀ" የሚልበት ቦታ "ተጫነ" ከሚልበት ቦታ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ በፍጥነት ሁለት ጊዜ መምታት ስትፈልጉ ጣታችሁ ብዙ መነሳት አለበት። በቂ ካልተነሳ ሁለተኛው ምት አይቆጠርም። እኔም ጥፋቱ የእጄ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ። ለጽሑፍ ግሩም ነው። ለጌም፣ በተለይ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ካላችሁ፣ ይቅርባችሁ።

ሲልቨር ደግሞ የቀዩ ችኩል ወንድም ነው። 2.0 ሳይሆን 1.2 ሚሊ ሜትር ላይ ይይዛል። ጥሩ ይመስላል፣ ጥሩም ነው። ግን ጣታችሁን ቁልፍ ላይ አሳርፋችሁ የመጫወት ልማድ ካላችሁ ጉድ ይፈላል። እኔ አንድ ጊዜ ጂ ቁልፍ ላይ ጣቴን ጣል አድርጌ የቡድኑን ምክር እያዳመጥኩ ሳለ፣ የእጅ ቦምቡ ከእጄ አምልጦ እግራችን ስር ወደቀ። ተደብቀን የነበርነው አራታችንም አለቅን። ማንም አላነጋገረኝም።

አሁን ወደ ማግኔቱ እንምጣ፤ በእውነት አዲስ ነገር ያለው እዚህ ነው። ማግኔቲክ ወይም ሆል ኢፌክት በሚባለው ስዊች ውስጥ የሚነካካ ብረት የለም። ወደ ታች የሚወርደው ፕላስቲክ ላይ ትንሽ ማግኔት አለች። ቦርዱ ላይ ያለው ሴንሰር ማግኔቷ ምን ያህል እንደቀረበች ይለካል። የሳይንሱ ስም የመጣው ይህን ጠባይ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ካገኘው አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል ነው። ተራው ስዊች የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ተጫነ፣ አልተጫነም። ማግኔቱ ግን ቁልፉ በየትኛው ጥልቀት ላይ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ የት ላይ መያዝ እንዳለበት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ብዙዎቹ ከ0.1 እስከ 4.0 ሚሊ ሜትር ድረስ ያስመርጣሉ፤ ያውም ለእያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻ።

ከዚህም የሚበልጠው ራፒድ ትሪገር የሚባለው ነው። ወደ መልቀቅ ተመለስን ማለት ነው። በተራ ስዊች ቁልፉ ተለቀቀ የሚባለው አንዲት የተወሰነች ነጥብ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በራፒድ ትሪገር ግን ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ጣታችሁ ትንሽ ከፍ ሲል፣ የትም ጥልቀት ላይ ይሁን፣ ተለቀቀ ይባላል። መልሶ ዝቅ ሲል ተጫነ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ቫሎራንት የሚባሉትን የተኩስ ጌሞች የሚጫወት ሰው ያውቀዋል። እየተንቀሳቀሳችሁ ስትተኩሱ ጥይቱ ይበተናል። ለማነጣጠር መቆም አለባችሁ። ወደ ግራ የሚወስዳችሁን ኤ ቁልፍ ለቅቃችሁ ወደ ቀኝ የሚወስደውን ዲ ቁልፍ መታ ታደርጋላችሁ፤ ሰውዬው ይቆማል፤ ትተኩሳላችሁ። ኤ ዘግይቶ ከተለቀቀ እናንተም ዘግይታችሁ ትቆማላችሁ። ዉቲንግ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ይህን ነገር ካስለመደ በኋላ ብዙ ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሬዘር የተባለው የጌም ዕቃ አምራች ስናፕ ታፕ የሚል ነገር አመጣ። ኤ ቁልፍን ሳትለቁ ዲ ቁልፍን ብትጫኑም ኪቦርዱ ራሱ ኤ ቁልፍን ይለቅላችኋል። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ እንዲህ ያለውን ከካውንተር ስትራይክ 2 ኦፊሴላዊ ሰርቨሮች አገደ። የታገደው ራፒድ ትሪገር አይደለም፤ ጣታችሁ መሥራት ያለበትን ኪቦርዱ ሲሠራው ነው። ማግኔት ከገዛችሁ ያቺን ማጥፊያ የት እንዳለች እወቁ።

ማግኔቱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሊኒየር ስለሆነ ጉብታ ወዳዱ ቅር ይለዋል። ግማሹ ጥቅም ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ ሶፍትዌሩ የማይረባ ከሆነ የገዛችሁት ውድ ቀይ ስዊች ነው። ስትራቴጂ ጌም ወይም ረጅም የታሪክ ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልገውም።

ኦፕቲካል የሚባልም አለ። በብረት ፋንታ የብርሃን ጨረር ነው የሚጠቀመው። ብረት ሲነካካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ ኪቦርዱም እስኪረጋ ይጠብቃል። ብርሃን ላይ ይህ መጠበቅ የለም። ጥሩ ነው፤ ግን ከተራው ወደ ማግኔቱ የምትሄዱበትን ያህል ለውጥ አታዩበትም።

ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ አያስደንግጧችሁ። "50 ሚሊዮን ምት" እና "100 ሚሊዮን ምት" የሚለውን ውሰዱ። አንዱን ቁልፍ ብቻ በቀን 10,000 ጊዜ ብትመቱት 50 ሚሊዮን ለመድረስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። 8000 ኸርዝ የሚለውም፣ ማለትም ኪቦርዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ መልእክት እንደሚልክ የሚናገረው ቁጥር፣ እንዲሁ ነው። ተራው 1000 ኸርዝ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው የሚልከው፤ 8000 ደግሞ በየ0.125። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። 144 ኸርዝ ስክሪን እንኳ አንዱን ምስል በሌላው ለመተካት 7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል።

ካርቶኑ ላይ የምትፈልጉት ሌላ ቃል ነው፦ ሆትስዋፕ። ስዊቹ ሳይበየድ በእጅ የሚነቀልና የሚተካ ማለት ነው። ቀዩ ካልጣማችሁ ነቅላችሁ ቡኒ ትተክላላችሁ። ባለ 5 እግር ስዊች ገዝታችሁ ቦርዱ ባለ 3 ቀዳዳ ከሆነ ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች ቆርጣችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ብረቶቹን እንዳትነኩ። ማግኔቲክ ስዊች ግን ተራ ሆትስዋፕ ቦርድ ላይ አይሠራም፤ ከታች ሴንሰሩ የለማ። ተታላችሁ እንዳትገዙ።

እኔ ካውንተር ስትራይክ ላይ ስለምውል ማግኔት ላይ ነኝ። አራቱን የመንቀሳቀሻ ቁልፎች 0.5 ላይ አድርጌያለሁ። የቀሩት 2.0 ላይ ናቸው። ጂን ግን ለብቻዋ 3.5 ላይ አስቀምጫታለሁ።